ጄፐርዲን መከታተልና የሥነ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን መረዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጄፐርዲ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚተላለፍ፣ ሦስት ተወዳዳሪዎች በጠቅላላ እውቀት የሚፎካከሩበት የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ወላጆችና ልጆች አብረው ሊመለከቷቸው ከሚችሉት ጥቂት ፕሮግራሞች አንዱ ቢሆንም፣ በታሪክና በጂኦግራፊ ዘርፎች ከልጆቹ ቀድሞ ሲመልስ የቆየ አባት ወይም እናት የሥነ ጽሑፉ ዘርፍ ሲከፈት «ይሄ የእነሱ ነው» ብሎ ማዳመጡን ይተዋል። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በተለይ ለእንዲህ ዓይነቱ ተመልካች የተጻፉ ናቸው፤ የሥነ ጽሑፍ ፍንጮች ከሚመስሉት በላይ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ናቸውና። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩ የሚካሄደው እንዴት ነው?

በመጀመሪያው ዙር ሰሌዳው ላይ ስድስት ዘርፎች ይቀርባሉ፤ በእያንዳንዱ ሥር ከ200 እስከ 1,000 ዶላር የሚያወጡ አምስት ፍንጮች ይደረደራሉ። በሁለተኛው ዙር ሌሎች ስድስት ዘርፎች ይመጡና የፍንጮቹ ዋጋ በእጥፍ አድጎ ከ400 እስከ 2,000 ዶላር ይሆናል። በትክክል የመለሰ የፍንጩ ዋጋ ይታሰብለታል፤ የተሳሳተ ያንኑ ያህል ይቀነስበታል፤ የተቀሩትም የመመለስ ዕድል ያገኛሉ። ዴይሊ ደብል የሚባሉ የተደበቁ ፍንጮች ደግሞ አንድ በመጀመሪያው፣ ሁለት በሁለተኛው ዙር ይገኛሉ፤ እነርሱን ያገኘ ተወዳዳሪ ካለው ገንዘብ የፈለገውን ያህል አስይዞ ብቻውን ይመልሳል። በመጨረሻም ሁሉም የዘርፉን ስም ብቻ አይተው ገንዘብ ያስይዛሉ፤ ፍንጩ ከተነበበ በኋላም በ30 ሰከንድ ውስጥ መልሳቸውን ጽፈው ይጨርሳሉ።

አሸናፊው በቀጣዩ ውድድር ተመልሶ ይቀርባል። እስከ 2003 ድረስ አንድ ሻምፒዮን አምስት ጊዜ ካሸነፈ በኋላ ይሰናበት ነበር፤ ገደቡ በተነሣ በዓመቱ ኬን ጄኒንግስ 74 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ዛሬ የውድድሩ አቅራቢ እርሱ ነው።

አንድ ነገር በቤት ሆኖ ለሚመለከት ሰው አይታይም። አቅራቢው ፍንጩን አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ የተወዳዳሪዎቹ ቁልፍ አይሠራም፤ የቸኮለም ለሩብ ሰከንድ ያህል ይታገዳል። ስለዚህ ዝም ያለው ተወዳዳሪ መልሱ ስለጠፋው ሳይሆን በእጅ ፍጥነት ስለተቀደመ ሊሆን ይችላል።

መልሱ በጥያቄ መልክ መሰጠት ያለበት ለምንድን ነው?

ውድድሩን የፈጠረው ሜርቭ ግሪፈን ነው፤ ሐሳቡን ያፈለቀችው ግን ባለቤቱ ጁላን ነበረች። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድሮች አዘጋጆች ለመረጧቸው ተወዳዳሪዎች መልሱን አስቀድመው ይነግሩ እንደነበር ተጋልጦ የሕዝቡ እምነት ጠፍቶ ነበር። ጁላን «መልሱን ለሁሉም ሰጥተን ጥያቄውን እንዲያመጡ ብናደርግስ?» አለች፤ ጄፐርዲም በመጋቢት 1964 በዚሁ መልክ ተጀመረ። አሁን የሚታየው የምሽት ፕሮግራም ግን ከመስከረም 1984 ጀምሮ የሚተላለፈው ነው፤ አሌክስ ትሬቤክ በኅዳር 2020 ከዚህ ዓለም በሞት እስኪለይ ድረስ መርቶታል።

በተግባር ደንቡ አስቸጋሪ አይደለም። «ማን ነው?» ወይም «ምንድን ነው?» የሚል ቃል ከመልሱ ፊት ማስቀደም ይበቃል፤ የሰዋስው ትክክለኛነትም አይመረመርም። በ2021 ዓ.ም. 38 ጊዜ ያሸነፈው ማት አሞዲዮ የሰው ስም ሲመልስ እንኳ ሁልጊዜ «ምንድን ነው» እያለ ነበር፤ ብዙ ተመልካች ቅር ቢለውም ደንቡ አይከለክልም።

የሥነ ጽሑፍ ፍንጮች የሚመጡት በየትኞቹ ዘርፎች ነው?

«ሥነ ጽሑፍ» የሚል ግልጽ ርእስ ያለው ዘርፍ አለ፤ ደራስያን፣ ገጣምያን፣ ተውኔቶች፣ ገጸ ባሕርያት፣ የመክፈቻ ዐረፍተ ነገሮች፣ የሽልማት አሸናፊዎችና የልጆች መጻሕፍት የሚሉ ዘርፎችም ይፈራረቃሉ። ሥነ ጽሑፍ በሌላ ልብስ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። በደሴቶች ዘርፍ ውስጥ ስለ አንድ ልብ ወለድ መቼት፣ በሕክምና ዘርፍ ውስጥ ሐኪም ስለነበረ ደራሲ ሊጠየቅ ይችላል። የዘርፉ ስም በትእምርተ ጥቅስ የተከበቡ ፊደላት ካሉት እነዚያ ፊደላት በመልሱ ውስጥ መገኘት እንዳለባቸው ይጠቁማል። ይህን ምልክት የማያውቅ ተመልካች ግማሹን ፍንጭ ሳያይ ያልፋል።

«በፊትና በኋላ» የሚባለው ዘርፍ ደግሞ ሁለት ስሞችን በጋራ ቃል ያጋጥማል። አንዱ ስም የሚያበቃበት ቃል ሌላው የሚጀምርበት ነው። ቅኔ ቤት ለዋለ ወይም በሰምና ወርቅ ጨዋታ ላደገ ሰው ይህ ዘርፍ ከሁሉም ይልቅ የሚጣፍጥ ይመስለኛል።

መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንዴት ሊመልስ ይችላል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። የጄፐርዲ ፍንጭ የተመልካቹን የንባብ ብዛት የሚመዝን ፈተና አይደለም። አንድ ፍንጭ በጥቂት መስመሮች ውስጥ ወደ አንድ መልስ የሚያደርሱ ሁለት ወይም ሦስት መንገዶችን ይዞ ነው የሚመጣ፤ አንዱ የተዘጋበት ሰው በሌላው ይገባል። እኛ በዚያው ስልት ያዘጋጀነውን ምሳሌ እንመልከት፦ «በ1818 የታተመው የዚህች ደራሲ ልብ ወለድ የተፀነሰው በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ዝናብ ቤት ያዋላቸው ወዳጆች የሙት መንፈስ ታሪክ ለመጻፍ በተፎካከሩ ጊዜ ነው።»

በመጀመሪያ መፈለግ ያለበት «ይህ» ወይም «ይህች» የሚለው አመልካች ቃል ነው፤ የሚጠየቀው ነገር ምንጊዜም ከእርሱ ቀጥሎ ይገኛል። በምሳሌያችን የተጠየቀው መጽሐፉ ሳይሆን ደራሲዋ ናት። «ፍራንከንስታይን» ብሎ የመለሰ ሰው መጽሐፉን አውቆ ገንዘቡን ያጣል፤ እንዲህ ያለው ስሕተት በቴሌቪዥንም፣ በየቤቱም በየጊዜው ይታያል። ሁለተኛው ነገር ጾታ ነው። በእንግሊዝኛው «ደራሲ» የሚለው ቃል ጾታ ስለማይለይ ፍንጩ ቀጥሎ በሚያመጣው ተውላጠ ስም ሴት መሆኗን ይነግረናል፤ በዚህ ብቻ በ1818 ከሚታሰቡት ስሞች አብዛኞቹ ይወድቃሉ። ሦስተኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው። ጄን ኦስተን በ1817 ሞታለች፤ የብሮንቴ እኅትማማቾች መጻሕፍት መታተም የጀመሩት በ1840ዎቹ ነው። የሙት መንፈስ የሚለው ቃል ሲጨመርበት ሜሪ ሼሊ ብቻዋን ትቀራለች። መልሱን ያገኘ ሰው ልብ ወለዱን ገልጦ አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ ማን በየትኛው ዘመን እንደነበረና በምን እንደሚታወቅ ማወቁ ግን አድኖታል።

ዋጋውም ፍንጭ ነው። በ400 ዶላሩ ስፍራ የሚገኘው መልስ አብዛኛው ሰው የሰማው ስም ስለሚሆን ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ መርከብ አለቃ ከተጠየቀ ከ«ሞቢ ዲክ» ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በ2,000 ዶላሩ ስፍራ ያንኑ ቀላል መልስ የሚሰጥ ሰው ግን ቆም ማለት አለበት።

የሚደጋገሙ ቁም ነገሮችንም መያዝ ይጠቅማል። ጆርጅ ኤልየት የሜሪ አን ኤቫንስ የብዕር ስም ነው። ሦስቱ የብሮንቴ እኅትማማቾች ከረር፣ ኤሊስና አክተን ቤል በሚሉ ስሞች አሳትመዋል። የጄምስ ጆይስ ዩሊሲስ ታሪክ የሚፈጸመው ሰኔ 16 ቀን 1904 በደብሊን ነው። ዲከንስ በ1870 ሲሞት አንድ ልብ ወለድ ሳይጨርስ ትቷል። የሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴ በ1605 እና በ1615 በሁለት ክፍል ወጥቷል። እነዚህን የመሰሉ እውነታዎች ለጥያቄ የሚመረጡት አንድን ሥራ ከሌላው ሁሉ ለይተው ስለሚያሳዩ ነው።

በአማርኛ ያነበብኩት ነገር ይጠቅመኛል?

በእጅጉ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ወይም በብሔራዊ ቴአትር መድረክ የተመለከተ ሰው፣ ሮሜዎና ዡልዬትን በከበደ ሚካኤል ብዕር ያወቀ ሰው፣ በሼክስፒር ዘርፍ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም። ኢያጎ በኦቴሎ ላይ ምን እንደሠራ፣ መሐረቡም የማን እንደነበረ በአማርኛ ያወቀው ሰው በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ታሪኩ አይለወጥበትም። ችግሩ የስም ነው። ገጸ ባሕርያቱ በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ድምፅ ከለመድነው ስለሚለይ ስሙ ሲጠራ ጆሮ አይለየውም። ስለዚህ ፍንጩ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ሲታይ ዐይንን ከጽሑፉ አለማንሣት፣ የቴሌቪዥኑንም የግርጌ ጽሑፍ ከፍቶ መመልከት ጥሩ ልማድ ነው።

የመጽሐፍ ርእስ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ተቀባይነት የሚያገኘው መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የሚታወቅበት ርእስ ነው። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟል። አንባቢዎቹ ከስካርሌት ኦሃራ ጋር ስንት ሌሊት አድረዋል፤ ሆኖም የእንግሊዝኛ ርእሱ «ከነፋስ ጋር ሄደ» የሚል ትርጉም ያለው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» መሆኑን ያልያዘ ሰው መልሱን እያወቀ ያመልጠዋል። የአማርኛው ርእስ የተወሰደው ከልብ ወለዱ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ «የመጨረሻ ዐረፍተ ነገሮች» የሚል ዘርፍ ቢመጣ ይህ አንባቢ ከማንም ቀድሞ ይመልሳል። መጽሐፉ በ1936 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ማግኘቱንም ከወዲሁ ማስታወሻ ላይ ማስፈር ነው።

በመደርደሪያችሁ ያሉትን ትርጉም መጻሕፍት አውርዳችሁ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ርእስ፣ የደራሲውን ስምና የወጣበትን ዓመት በአንድ ገጽ ላይ ብትጽፉ፣ በአንድ ቀን ትርፍ ጊዜ የምታገኙት ዝግጅት ከብዙ ወር ጥናት ይበልጣል።

ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዙ የሥነ ጽሑፍ ፍንጮች ሊመጡ ይችላሉ?

ሊመጡ ይችላሉ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ውድድር የሚያመቹት በእንግሊዝኛ የተጻፉት ናቸው። ሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን ከማሳተሙ ሃያ ዓመት በፊት፣ በ1735፣ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ተርጉሞ ነበር። በ1759 እናቱ ስትሞት የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች እንደጻፈው የሚነገረው ራሴላስ፣ በአማራ ምድር በተራሮች በተከበበ የደስታ ሸለቆ ውስጥ ተከልሎ የሚኖር የአቢሲኒያ ልዑል ታሪክ ነው። የነገሥታቱ ልጆች በአምባ ግሼን ይጠበቁ እንደነበር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ መቼት ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የልዑሉም ስም የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንደተወሰደ ይታመናል። ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መልሰውታል። ኮልሪጅም በ1816 ባሳተመው «ኩብላ ካን» ግጥሙ ውስጥ በሕልሙ ያያት አውታር የምትመታ የአቢሲኒያ ልጃገረድ አለች።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደውና ዋሽንግተን ውስጥ ስለሚኖር ኢትዮጵያዊ ባለ ሱቅ በ2007 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው ዲናው መንግሥቱ፣ የ2020 የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር ውስጥ የገባችው መዓዛ መንግሥቴ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ሐኪምም ደራሲም የሆነው አብርሃም ቨርጊዝ አሉ። የቨርጊዝ የ2009 ልብ ወለድ አብዛኛው ክፍል የሚፈጸመው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ልጆቻችን የእነዚህን ሰዎች ስም ከእኛ አፍ ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ርእስ ወይም ስም በጥቂቱ ብሳሳት መልሱ ይያዝልኛል?

አብዛኛውን ጊዜ የደራሲው የአባት ስም ይበቃል፤ ስሙ ከአንድ በላይ ሰው የሚያመለክት ከሆነ አቅራቢው አብራርተው እንዲመልሱ ይጠይቃል። «ብሮንቴ» ብሎ ያቆመ ሰው የትኛዋ እንደሆነች መናገር ይኖርበታል። ባዕድ ቋንቋ የሚያሰማው የአነጋገር ቃና ችግር አይሆንም። ድምፅ መጨመርና መቀነስ ወይም ሌላ ቃል ማድረግ ግን መልሱን ያበላሻል።

ይህ ደንብ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ በጥር 2018 ታይቷል። በሙዚቃና ሥነ ጽሑፍ «በፊትና በኋላ» ዘርፍ፣ የ1,600 ዶላር ፍንጭ፣ የራፐር ኩሊዮን ዘፈን («ጋንግስታስ ፓራዳይዝ») በ1667 ከታተመው የጆን ሚልተን ታላቅ ግጥም («ፓራዳይዝ ሎስት») ጋር እንዲያጋጥሙ ጠየቀ። ተወዳዳሪው ሁለቱንም አውቆ መለሰ፤ ዳኞቹ ቀጥሎ እንዳስተዋሉት ግን የዘፈኑ ርእስ «ጋንግስታ» ሲል እርሱ «ጋንግስተር» ብሎ ነበር። መጀመሪያ የተሰጠው 1,600 ዶላር ተወሰደ፤ ሌላ 1,600 ተቀነሰበት፤ በአንዲት ድምፅ 3,200 ዶላር አጣ። እኔ በውሳኔው እስማማለሁ። ሁለቱ ቃላት በመዝገበ ቃላት የተለያዩ ናቸው፤ ደራሲ ወይም ዘፋኝ ለሥራው የሰጠውም ስም መከበር አለበት።

በጽሑፍ በሚመለሰው የመጨረሻ ፍንጭ የፊደል ስሕተት ይቅር ይባላል፤ ቃሉ ሲነበብ ድምፁ እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ። በ2013 አንድ ልጅ የሊንከንን የነጻነት ዐዋጅ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንዲት ፊደል ስለጨመረና ቃሉ በሌላ ድምፅ ስለሚነበብ መልሱ ውድቅ ሆኗል። ልጅ መሆኑ ብዙ ሰው አሳዝኖ ነበር፤ ዳኞቹ ግን ለአዋቂ የሚሠራውን ደንብ ለልጅም ሠርተውበታል።

የውድድሩ መልስ አከራካሪ የሚሆንበት ጊዜ አለ?

አለ፤ እኛን በቀጥታ የሚነካ ምሳሌም ይገኛል። በኅዳር 2022 በሻምፒዮኖች ውድድር የፍጻሜ ዙር የቀረበ የመጨረሻ ፍንጭ፣ ከአዲስ ኪዳን መልእክታት ብዙ የብሉይ ኪዳን ጥቅሶችን የያዘው ጳውሎስ ለእነማን የጻፈው እንደሆነ ጠየቀ። «ዕብራውያን» ያለችው ኤሚ ሽናይደር ትክክል ተባለች፤ «ሮሜ» ያለው ሳም በትሪ ግን ተሳስተሃል ተባለ። ወዲያው የተነሣው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ የዛሬዎቹ የምዕራብ ሊቃውንት አብዛኞቹ ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተላከውን መልእክት የጳውሎስ አያደርጉትም፤ ፍንጩ ጳውሎስን ከጠቀሰ መልሱ «ሮሜ» መሆን ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ተመልካች ጉዳዩን በሌላ ዐይን ያየዋል። «ዐሥራ አራቱ የጳውሎስ መልእክታት» ሲባል ከልጅነቱ የሰማ ሰው ዕብራውያንን ከእነርሱ ለይቶ አያስብም፤ በእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ ትርጉምም ርእሱ መልእክቱን የጳውሎስ ይለዋል። በሁለቱም ወገን በቂ መከራከሪያ ስላለ፣ ፍንጩ ጳውሎስን ሳይጠቅስ መልእክቱን ብቻ ቢጠይቅ ይሻል ነበር የሚል አስተያየት አለኝ። አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ፍንጭ ቢያንስ በሁለት ምንጮች ያረጋግጣሉ፤ ሊቃውንት የማይስማሙበትን ጉዳይ ግን የምንጭ ብዛት አይፈታውም። ከልጆች ጋር አብሮ ለሚመለከት ወላጅ እንዲህ ያለ ምሽት ከማንኛውም ፍንጭ የበለጠ የሚያነጋግር ነው።

ሼክስፒር ይህን ያህል የሚደጋገመው ለምንድን ነው? የአፍሪካ ደራስያንስ?

አዘጋጆቹ የሚፈልጉት ብዙ ሰው የሚያውቀውንና በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ሲሰማ «ምነው ረሳሁት!» የሚልበትን መልስ ነው። ሼክስፒር በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለሚነበብ ይህን መስፈርት ከማንም በላይ ያሟላል። የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ድርሻ ከሚገባው ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም በ1986 ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ተሸላሚ የሆነውን ወሌ ሾይንካን፣ በ1988 የተሸለመውን ግብፃዊውን ነጊብ ማሕፉዝን፣ በ1991 ናዲን ጎርዲመርን፣ በ2003 ጄ. ኤም. ኩትሲን፣ በ2021 የዛንዚባሩን ተወላጅ አብዱልራዛቅ ጉርናህን፣ እንዲሁም የ1958 ልብ ወለዱ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚነበበውን ቺኑዋ አቼቤን በስም፣ በአገርና በዓመት ማወቅ ለተመልካች ትልቅ ስንቅ ነው።

በቤት ውስጥ ነጥብ መያዝ የሚቻለው እንዴት ነው?

ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ በቀድሞ ተወዳዳሪ ስም ኮርያት ነጥብ ይባላል። የመለሱትን ፍንጭ ዋጋ ይደምራሉ፤ የተሳሳቱትን ይቀንሳሉ፤ ዝም ያሉበት አይቆጠርም። ዴይሊ ደብል ላይ ትክክል ከሆኑ በሰሌዳው ላይ የነበረው ዋጋ ብቻ ይያዝልዎታል፤ ቢሳሳቱ አይቀነስም። የመጨረሻው ፍንጭ አይገባም። በመሆኑም የአንድ ምሽት ከፍተኛው ነጥብ 54,000 ነው። ከዚህ ጎን የሥነ ጽሑፉን ፍንጮች ለብቻ መዝግቦ ያመለጡትን በማግስቱ መፈለግ ይመከራል። በቤተሰብ ሲጫወቱ ትናንሾቹ በታላላቆቹ እንዳይዋጡ እያንዳንዱ መልሱን በወረቀት ላይ ጽፎ አቅራቢው መልሱን ከመስጠቱ በፊት እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል።

ጎበዞቹ ተወዳዳሪዎች ሥነ ጽሑፍን የሚያጠኑት በምን መንገድ ነው?

በ2019 ዓ.ም. 32 ጊዜ ያሸነፈውና በአንድ ውድድር 131,127 ዶላር በማግኘት ክብረ ወሰን የያዘው ጄምስ ሆልዝሃወር የሚዘጋጀው በቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል በሚገኙ መጻሕፍት እንደነበር ተናግሯል። እነዚህ መጻሕፍት ሥዕል ስላላቸውና አንባቢን ላለማሰልቸት ተብለው ስለሚጻፉ፣ አንድ ክላሲክ ልብ ወለድ በምን እንደሚታወቅ በጥቂት ገጾች ያስጨብጣሉ። እንግሊዝኛን በአዋቂነታቸው ለተማሩ ወላጆች ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም፤ ለልጁ ሲያነቡ ራሳቸውም ይማራሉ፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው። በ2022 ዓ.ም. 23 ጊዜ ያሸነፈችው ካናዳዊት ማቲያ ሮች ደግሞ ከውድድሩ በኋላ በአገሯ ራዲዮ የመጻሕፍት ፕሮግራም አቅራቢ ሆናለች።

ኮምፒዩተር አሸንፏል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በየካቲት 2011 ዋትሰን የተባለው የአይቢኤም ኮምፒዩተር ኬን ጄኒንግስንና ብራድ ረተርን በልዩ ውድድር አሸንፏል። በመጀመሪያው ውድድር የመጨረሻ ፍንጭ ላይ የአሜሪካ ከተማ ተጠይቆ የካናዳውን ቶሮንቶ መልሶ ነበር። የመዝጊያው ፍንጭ ግን ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ነበር፤ የዊልያም ዊልኪንሰን የዋላኪያና የሞልዳቪያ ጥናት ያነሣሣው ደራሲ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ማሽኑም ሁለቱ ሰዎችም ብራም ስቶከርን ጽፈዋል። ዊልኪንሰንን ማንም ማወቅ አይጠበቅበትም ነበር፤ ዋላኪያ የዛሬዋ ሮማኒያ ክፍል መሆኗን ያወቀ ወደ ድራኩላና ወደ ደራሲው ስቶከር ይደርሳል። ከላይ የተናገርነው «በሌላ መንገድ መግባት» በተግባር ይህን ይመስላል።

ራሴ ወይም ልጄ ለመወዳደር ብንፈልግስ?

የመጀመሪያው ደረጃ በኢንተርኔት የሚሰጥ ፈተና ነው፤ ከ50 የተለያዩ ዘርፎች 50 ፍንጮች ይቀርባሉ፤ ለእያንዳንዱ 15 ሰከንድ ይሰጣል፤ በጥያቄ መልክ መመለስም ግዴታ አይደለም። ያለፉት በቪዲዮ ከሚደረግ ሁለተኛ ፈተናና የልምምድ ጨዋታ በኋላ በተጠባባቂነት ይመዘገባሉ፤ ከተጠሩም ቀረጻው የሚካሄደው በሎስ አንጀለስ አካባቢ በምትገኘው ከልቨር ሲቲ ነው። በአንድ ቀን የአንድ ሳምንት፣ ማለትም አምስት ውድድሮች ስለሚቀረጹ፣ የሚያሸንፍ ሰው በየመካከሉ ልብሱን ቀይሮ ይመለሳልና ቅያሪ ልብሶች ይዞ መሄድ ይኖርበታል።